ከዓለም ባንክ እስከ ጦር ኃይሎች፣ በመከታ ጆሮ ምክንያት

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ የተነሣነው አንድ ነገር ለማወቅ ነበር፦ ውሻዬ መከታ አብዷል ወይስ ጆሮውን ታሟል? መልሱን የምፈልገው ለእሱ ብቻ ብዬ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችንን የእትዬ አበበችን እጅ ነክሷል።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ አስፈሪ መንገድ ሄጃለሁ። የትም ብሆን ማስታወሻዬን በተስተካከለ ጽሕፈት መያዝ ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ገጾች ዛሬ ስገልጣቸው ግን ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተው ወደ ጎን ወድቀዋል። የመኪናው መንገጫገጭ ነው እንዳልል፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የጻፍኳቸውም እንደዚያው ናቸው።

የመከታ ጆሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲታመም ይህ አራተኛው ነው። ጆሮዎቹ ረጃጅምና የተንጠለጠሉ ናቸው። ሕመሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ጭንቅላቱን ያርገፈግፋል፣ በኋላ እግሩ ጆሮውን ያካል፣ ከጆሮው ቡናማ ነገር ይወጣል፣ ይሸታል። ጠብታ ይደረግለታል፣ ይሻለዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በዚህኛው ጊዜ ግን ሐሙስ ዕለት ጭንቅላቱ ወደ ግራ ዘመመ። ዓርብ ጠዋት ሲራመድ ክብ እየሠራ መዞር ጀመረ። ለሃጩም ይንጠባጠብ ነበር።

እትዬ አበበች ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘች ሱቅ አላቸው። መከታን ከቡችላነቱ ጀምሮ አጥንት እየወረወሩ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዓርብ ለጋ ቅቤ አቅልጠው በሲኒ ይዘው መጡ። ጆሮውን ቀና አድርገው ሊያፈሱለት ሲሉ አውራ ጣታቸው ሥር ነከሳቸው። ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ብዙም አልደማም። ቧንቧ ሥር ወስጄ በሳሙና አስራ አምስት ደቂቃ አሳጠብኳቸው። ከዚያ የመከታን የክትባት ካርድ ከመሳቢያ አወጣሁ። ጊዜው ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። ሲያልፍ እኔ መስክ ላይ ነበርኩ።

1፡40፣ ዓለም ባንክ

በሩ ላይ እትዬ አበበችና ልጃቸው ክብሩ ቆመው ነበር። እናትየው እጃቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለዋል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ነው።

“ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው እንጂ ትናንትናውኑ ያልቅለት ነበር” አለኝ ክብሩ። “እስከ ማታ ነው የምታገሠው። ሲዞር ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።”

“ዛሬ ከገደልከው እናትህን የነከሳቸው ምን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?”

“ሳይገደልስ ማን ያውቃል?”

 “የምሄደውም ለዚሁ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ” አልኩት።

“አንተ ልጅ፣ ሰልፉ ሳይበዛ እንሂድ” አሉት እናቱ። ሲያልፉ መከታን አላዩትም። ሁልጊዜ በስሙ የሚጠሩት ሴትዮ በግንቡ ጥግ ጥግ ሄዱ።

ታክሲ ውሻ አይጭንም። ዘበኛችን ጋሽ ወርቁ ዳማስ የምንላትን ትንሽ ባለ ሸራ የጭነት መኪና ተከራይተው መጡ። ሾፌሩ ወርዶ መከታን ሲያይ ቆመ።

“አባት፣ በግ ነው አላሉኝም?”

“በግ ቢሆን መንገዱን ሁሉ ሲጮህብህ ነበር” አሉት ጋሽ ወርቁ። “ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሄድልህ።”

ሾፌሩ ዋጋውን እጥፍ አደረገው፤ አልተከራከርኩም። መከታን በሁለት ገመድ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ብረት ላይ አሰርነው፤ ወደ ማናችንም መድረስ እንዳይችል ነው። እኔና ጋሽ ወርቁ በግራና በቀኝ፣ እግራችንን ሰብስበን ተቀመጥን።

2፡25፣ ቆሼ አጠገብ

በቤቴል በኩል መንገዱ ተዘግቷል ተባለና ሾፌሩ በአየር ጤና አድርጎ ወደ ቀለበት መንገድ ወጣ። ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሽታው ሸራውን አልፎ ገባ። ከመንገዱ ዳር፣ ከፍ ካለው አፈር ላይ፣ የውሾች መንጋ ተደርድሮ ወደ መኪኖቹ ያያል። አንዱ ጮኸ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት።

መከታ ተነሣ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የእሱ ድምፅ አይደለም። የሻከረ፣ ከጉሮሮ ተቧጥጦ የወጣ የሽማግሌ ሳል ነው። ከዚያ ወደ ግራ ወደቀና በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። እየተንገዳገደ መልሶ ቆመ።

በመስክ ሥራ እንደለመድኩት የማየውን ብቻ ልመዝግብ አልኩ። “ድምፅ፦ የሻከረ።” የጀሪካን ክዳን ላይ ውሃ አድርጌ በእንጨት ገፋሁለት። አሸተተው፤ አፉን ወደ ውሃው አስገባ፤ ድንገት አወጣ። ደግሞ አስገባ፤ አሁንም አወጣ። “ውሃ፦ ይፈልጋል፣ አይጠጣም።” ይህን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን ያዝኩት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ሲባል ያልሰማ ሰው የለም።

“ጻፍከው?” አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

“ጻፍኩት።”

“ብንመልሰውስ፣ ጋዜጠኛው? ሐኪሙ ምን ሊለን ነው?”

ፊታቸው አመድ መስሏል። ውሻውን ፈርተው መሰለኝ። እኔ የማስበው ስለ ሁለቱ ቀዳዳዎች ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክት ካሳየ ሰው እንደማይድን ለሥራ ጉዳይ ከሐኪሞች አፍ ሰምቻለሁ። ሱቋ ተዘግታ፣ ክብሩ በሩ ላይ ቆሞ ታየኝ።

“አንመለስም” አልኩ።

3፡15፣ ጦር ኃይሎች

ክሊኒኩ ከአደባባዩ ገባ ብሎ፣ ከጫማ መሸጫዎች ጀርባ ነው። ድመት በዘምቢል የያዘች ልጅና ዶሮ ያቀፉ አዛውንት አግዳሚው ላይ ነበሩ። መከታን ሲያዩ ተነሥተው ተራቸውን ለቀቁልን። ተራ የሚያስለቅቅ ነገር ይዤ መግባቴ አላስደሰተኝም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቃለች። ከሩቅ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፉን በፋሻ አሰረች፣ የሚያደነዝዝ መርፌ ወጋችው፤ ሲተኛ በመብራት ጆሮውን አየች። በጥጥ የጠረገችውን እያየች ጠየቀችኝ።

“ባለፈው ጊዜ ጠብታውን ስንት ቀን ሰጣችሁት?”

“አስራ አራት ቀን። እንደታዘዘው” አልኩ።

ከኋላዬ ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አራት ቀን ነው” አሉ።

ዞርኩ።

“አንተ መስክ ነበርክ። በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። የዳነ ውሻ ላይ መድኃኒት ምን ያደርጋል ብዬ ቀሪውን አስቀመጥኩት። ሲመለስበት ከዚያው አደረግኩለት። ሲመለስበት ከዚያው።”

“የት አስቀመጡት?” አለች ዶክተሯ።

“ማደሪያዬ፣ ቆርቆሮው ሥር። አይጠፋም።”

“ፀሐይ ሲቀቅለው ከርሟላ። ይህ ቅባትስ?”

የእትዬ አበበችን ቅቤ ነገርኳት። ዓርብ የመጀመሪያቸው እንዳልነበረ ጋሽ ወርቁ ጨመሩ። እኔ በሌለሁባቸው ቀናት ሁለት ጊዜ መጥተው አፍስሰውለታል።

“ውሃስ ገብቶበት ያውቃል?”

ይህኛው የእኔ ነው። እሑድ እሑድ በውሃ ጎማ አጥበዋለሁ፤ ጆሮውንም እስከ ውስጡ ድረስ፣ በደንብ እንዲጠራ ብዬ። አድርቄው አላውቅም።

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። “ይሄ ጆሮ ስንት ባለቤት ነው ያለው?” አለች።

 ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችን። ሕመሙ ተመላልሶ የመጣበት ሳይሆን አንድም ጊዜ ያልወጣለት ነው። ሽታው ሲጠፋ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰውነት ሚዛን የሚጠብቀው በውስጠኛው ጆሮ ስለሆነ፣ እሱ ሲታመም እንስሳው ይዘማል፣ ይዞራል፣ ይወድቃል።

“ውሃውስ?” አልኩ።

“የመንጋጋው መገጣጠሚያ ከጆሮው ሥር ነው። አፉን ሲከፍት ያመዋል። ለሃጩም የሚፈሰው መዋጥ ስለሚያመው ይሆናል።”

“ድምፁስ?”

አንገቱን አሳየችኝ። ገመዱ ፀጉሩን ልጦታል። “ድምፁን ያሻከራችሁት እናንተ ናችሁ” አለች።

“እንግዲያው አላበደም።”

“እንደዚያ አላልኩም። ጆሮው እንደታመመ አይቻለሁ። ሌላኛው በሽታ ግን ውሻው በሕይወት እያለ በዐይን ታይቶ አይረጋገጥም፤ አልምልልዎትም። ከነከሰበት ቀን ጀምሮ አስር ቀን ታስሮ ይጠበቅ። አስሩን ቀን በደህና ከቆየ፣ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ሴትዮዋ ግን አስሩን ቀን አይጠብቁ፤ ክትባታቸውን ዛሬውኑ ይጀምሩ።”

ለአንድ ወር የሚዋጥ ኪኒን ሰጠችን። ኪኒኑ እስኪያልቅ በጆሮው ውስጥ ምንም ነገር እንዳይገባ አዘዘች፣ እሷ ራሷ ከምታጥበው በስተቀር።

6፡50፣ ቤት

ስንመለስ መከታ እንቅልፍ ላይ ነበር። ጋሽ ወርቁ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። “ይህን ጥያቄ ነው የፈራሁት” አሉ። ቆሼ አጠገብ ፊታቸው አመድ የመሰለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ክብሩ ከሦስት ጎረምሶች ጋር በሩ ላይ ነበር። እናቱ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግተው ተመልሰዋል። “ምንም የለበትም” ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልክድም። ግን ዶክተሯ ያለችውን፣ የማለችውንም ያልማለችውንም፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። የጠብታውን ነገር ስናገር የእኔን ውሃ አስቀደምኩ።

“ስለዚህ አይታወቅም” አለ ክብሩ።

“አይታወቅም። ዛሬ ከሞተ ደግሞ በአስረኛው ቀን የምናየው ነገር አይኖርም።”

እትዬ አበበች ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ተናገሩ። “ክብሩ፣ የተነከስኩት እኔ ነኝ አይደል? እንግዲያው እኔ ልየው። ይቆይ።”

አስሩ ቀን

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ከበራችን አልወጣም፤ ግን የረዘመው እሱ ነው። መከታ በቆርቆሮ በተከለለ ጥግ ታሰረ። ምግቡን በእንጨት እንገፋለታለን። በየጠዋቱ ከአልጋዬ ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ማዳመጥ ነበር። በአራተኛው ቀን ምግብ አልነካም፤ ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። በአምስተኛው በላ። በስድስተኛው ጋሽ ወርቁ የኪኒኑን ፓኮ ይዘው መጡ።

“ሽታው ጠፍቷል። ምን ላድርግ?”

“እንቀጥላለን።”

“እሺ። ልጠይቅህ ብዬ ነው።”

ከዚያ በፊት ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት እሱን ነው። የሰው ቃል ሳላጣራ የማልጽፍ ሰው፣ በገዛ ግቢዬ ጠብታው ስንት ቀን እንደተሰጠ አንድ ጊዜ እንኳ አላጣራሁም። ሽታ ሲጠፋ ሁላችንም ዳነ አልን፤ ማየት ያቆምነውም ያን ጊዜ ነው።

አስረኛው ቀን ሰኞ ነበር። እትዬ አበበችና ክብሩ ጠዋት መጡ። መከታ ቆሞ ነበር፤ ጭንቅላቱ አሁንም ትንሽ ያዘነብላል፣ እንደዚያው ሊቀርም ይችላል ተብለናል። አይዞርም፤ ጅራቱን ወዘወዘ። እናትየው እጃቸውን ሳይዘረጉ ለረጅም ጊዜ አዩት።

“እንደምን አደርክ፣ አንተ ነካሽ” አሉት። ከዚያ ቶሎ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ክብሩ አልተከተላቸውም። እጁን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬት አየ።

“ጋሼ፣ ያቺ ዶክተር ድመት ታያለች?”

“ታያለች። ምነው?”

“የእኛዋም ጆሮዋን ታካለች። ስታክ ከረመች።”

“እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ ምን አድርጋችሁባታል?”

ወደ ሱቁ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እማዬን ልጠይቃት” አለ።