ያልወጣው ማረሚያ

ፕሮፌሰሯ ቂም የምትይዘው እንደ ሥራ ነው፤ በፋይል፣ ከነቀኑ፣ ከነገጽ ቁጥሩ። ተማሪዎቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አልከፋትም። ሃያ ሁለት ዓመት ጋዜጠኝነት ስታስተምር የየዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርቷ አንድ ነው፦ ስህተቱን ያየ ሁሉ ማረሚያውን አያይም። ይህን ከመጽሐፍ አልቀዳችውም። ከአባቷ ነው ያገኘችው።

አባቷ የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። በሃያኛው የአገልግሎት ዓመታቸው ተሸለሙ፤ ጋዜጣም ፎቶ አነሳቸው። በማግስቱ ፎቷቸው ወጣ፤ የወጣው ግን የሆስፒታል መድኃኒት ሰርቆ ሲሸጥ ከተያዘ ሰው ዜና ሥር ነው። ሌባው ደግሞ ከጎን፣ «በታማኝነት ላገለገሉ» ከሚለው ሥር ጉብ ብሏል። ገጹን ያቀናበረው ሰው ሁለቱን ፎቶዎች አለዋውጧቸው ነበር።

አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ማረሚያውን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን አስከትለው ዋና አዘጋጁ ዘንድ ሄዱ። ሰውዬው ወረቀቱን በጣቱ እንኳ አልነካውም። «ጋሼ፣ ጋዜጣ እኮ የአንድ ቀን ነው» አለ። «ነገ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ማን ያስታውሰዋል?»

ሰው ግን አስታወሰ። ቧንቧ ሲጠግኑ የየቤቱ እመቤቶች ከኋላቸው መቆም ጀመሩ፤ ቆይቶም በር የሚከፍትላቸው ጠፋ። መሥሪያ ቤቱ ሲቸግረው ከከተማ ውጭ ወዳለ የፓምፕ ጣቢያ ላካቸው፤ እስከ ጡረታቸው ድረስ ከሞተር ጋር ብቻቸውን ዋሉ። ጡረታ ሲወጡ ማንም ወደማያውቃቸው ሰፈር ገቡ። አሁን በሰባ ስምንት ዓመታቸው ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ቧንቧ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ሰው ሁሉ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትላቸዋል። ሳንቲም አይቀበሉም። በሩ መከፈቱ ይበቃቸዋል።

ዘንድሮ የመገናኛ ብዙኃን ጉባኤ ሲዘጋጅ ፕሮፌሰሯ የአንዱን መድረክ እንድትመራ ተጋበዘች። የክብር ተናጋሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ዋና አዘጋጅ! ርዕሱም «የሕዝብ አመኔታ»። ተናጋሪዎች ስላይዳቸውን ከጉባኤው ሦስት ቀን ቀድመው ለመድረክ መሪው ይልካሉና የሱም ደረሳት። ቢሮዋ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አየችው። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ያ ገጽ ነው። የአባቷ ፊት፣ ከቅንድባቸው በላይ ካለችው ጠባሳ ጋር፤ ከሥሩ «በድፍረት ያጋለጥነው» የሚል ጽሑፍ።

አንድ ስልክ ብትደውል ስላይዱ ይሰረዝ ነበር። ስልኩን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «በእግሩ መጣልኝ!» አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን። እንዲያ ደስ ያላት ቀን ትዝ አይላትም። አሥረኛውን ስላይድ ራሷ ጨመረች፤ አባቷ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው የተነሱትን ፎቶ።

ማታውኑ አባቷ ቤት ሄዳ ማረሚያውን ጠየቀች።

«ተይው ልጄ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አሉ። ረስቻለሁ ያሉት ሰው ወረቀቱን ከራስጌ መሳቢያቸው ለማውጣት አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

የጉባኤው አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። ሁሉም አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፤ ማቀዝቀዣው ያንዘፈዝፋል። አዘጋጁ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ዘጠነኛው ስላይድ ሲመጣ ደረቱን ነፋ። «ሌባነቱ ከፊቱ ያስታውቃል! ያችን ጠባሳ እዩልኝማ!» አዳራሹ ሳቀ። ስልኮች ወደ ላይ ተነሱ። የተመደበለት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ «ጊዜዎ አልቋል» የሚለው ካርድ እፊቷ ተቀምጧል። አላነሳችውም። ይናገር፣ ይጥገብ አለች በልቧ።

ሲጨርስ ማይኩን ሳብ አደረገች። «ጋሼ፣ የዚህ ሰው ሥራ ምን ነበር?»

«የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ነዋ!»

«አይደለም። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጠባሳውን ያገኘው የሰው ቧንቧ ሲጠግን ነው። አባቴ ነው።»

አሥረኛውን ስላይድ አመጣችው። ወረቀቱን እፊቱ አኖረች። «ያኔ ለማንበብ ጊዜ አልነበረዎትም፤ አሁን ያንብቡልን።»

ሰውዬው ኪሱን እየዳበሰ መነጽሩን ፈለገ። አሳዘናት? ምንም! አነበበ፦ «ሌባ ተብሎ ፎቶው የወጣው ሰው እኔ ነኝ። ሌባ አይደለሁም። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሰው እንደ በፊቱ በሩን እንዲከፍትልኝ እጠይቃለሁ።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች። «ይድገሙት።»

ደገመው። ከዚያ ቀና ብሎ «ይቅር…» ብሎ ሲጀምር ካርዱን አነሳች። ጊዜዎ አልቋል።

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ምሳ ላይ የማያውቋት ሁሉ እጇን እየጨበጡ አለፉ። እሷም ሰሃኗን ሁለቴ ሞላች፤ ከስንት ዘመን ወዲህ ምግብ ጣማት። ስልኳ ሲጮህ አባቷ ናቸው።

«አባዬ! አስነበብኩት እኮ! ሁለት ጊዜ!»

አባቷ «የጎረቤቴ ልጅ ስልኳ ላይ ፎቶዬን አሳየችኝ» አሉ። «በጠባሳዬ ነው የለየችኝ። ሌባ ይላል። ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው አለችኝ። ዛሬ ከሰዓት እነሱ ቤት ቧንቧ ልሠራ ነበር፤ እናቷ ‹ይቆይ› አሉኝ።»

ጥሪውን ሳትዘጋ ስልኳን ከፍታ አየች። ዘጠነኛው ስላይድ ብቻውን ወጥቷል፤ ሰውዬው ገና ሲናገር ያነሱት ነው። አራት ሺህ ሰው ተቀባብሎታል። አሥረኛውን የለጠፈ አንድ ሰው አገኘች። ሰባት ሰው አይቶታል።

«ያ ሰውዬ ነው አይደል?» አሉ አባቷ። «አሁንም እሱ ነው ያወጣኝ?»

ቀና አለች። አዘጋጁ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ምግቡን ሳይነካ። አዎ እሱ ነው ብትል ማንም ውሸታም አይላትም። ሰሃኗን አስቀመጠች።

«አይ አባዬ» አለች። «የዛሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»