ባና የለበሰው ጨው

የልጅ ልጄ ለፈተና ስታጠና ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ትናንት፣ «አንጎል የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል፤ ሲበርደን ጡንቻን አንቀጥቅጦ ሙቀት ያመርታል» ስትል ሰማኋትና ፈገግ አልሁ። ይህችን አንጎል የሚሏትን ሠራተኛ ጮቄ ተራራ ላይ ሥራ ስታቆም አይቻታለሁ።

የጣሊያን ዘመን ነበር። በመኪናው መንገድ የሄደ ነጋዴ በቅሎውን ለወታደር ዕቃ ይነጠቃል። ስለዚህ እኔና ሸሪኬ አያ ደምሌ፣ ያለንን ሁሉ አሞሌ ጨው ገዝተንበት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ ገበያ በጮቄ በኩል አቋረጥን። እሱ በዕድሜም በምላስም ታላቄ ነው። ዳገቱን ከመጀመራችን በፊት እንደ መንገደኛ ልማድ ለብርዱ አረቄ ተጎነጨን።

ነሐሴ ነው። የውርጭ አገሩ ተክል ጅብራ ከሚበቅልበት ከፍታ ስንደርስ ዝናብና በረዶ ወረደብን። አያ ደምሌ የበግ ጠጉር ባናውን ከትከሻው አውርዶ ጭነቱ ላይ ደረበው።

«ኧረ አያ፣ ልበሰው!»

«ጨው ይሟሟል። እኔ እሟሟለሁ እንዴ?»

ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ የገብስ ቆሎ የሚቆረጥም ይመስል ነበርና ሳቅሁበት። ጥቂት እንደሄድን መንቀጥቀጡ ቆመ። አረቄው ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን እጀ ጠባቡን ማውለቅ ጀመረ።

«ምን ሆንህ?»

«ሞቀኝ» አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። «ዓባይ በረሃ ወርደናል መሰል።»

ቀልዱን ነው ብዬ ዓይኑን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። እጁን ብይዘው የወንዝ ድንጋይ ነው።

ከቋጥኝ ሥር አስገባሁት፤ በቅሎዎቹን ለነፋሱ እንደ ግድግዳ አቆምኋቸው። ባናውን ከጨው ላይ ገፈፍሁ። የራሰ ልብሳችንን አውልቄ ደረት ለደረት አቀፍሁትና በደረቁ ገጽ ተጠቀለልን። አሞሌያችን በዝናቡ እየሟሟ ይንጠባጠባል፤ አንዷ በቅሎ የጓደኛዋን ጎን ትልሳለች። እኔ አያ ደምሌን እየጠራሁ አንገቱ ላይ እተነፍሳለሁ።

ብዙ ቆይቶ ትከሻው ንቅንቅ አለ። ከዚያ መላ አካሉ ይንዘፈዘፍ ጀመር። እንደዚያ የሚያስደስት መንቀጥቀጥ አይቼ አላውቅም።

«ጨዉስ?» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«በቅሎዋ በላችው።»

«አንተ ደንቆሮ! ጨዉን ገልጠህ እኔን ትሸፍናለህ? ቁይ ገበያ እኔን ማን ይገዛኛል?»

ይህን ስነግራት የልጅ ልጄ፣ «አረቄው ነዋ አባባ! ቆዳን ያሞቅና የውስጡን ሙቀት ያስወጣል» አለችኝ። ያኔ ማን ነገረን! አያ ደምሌ ግን ሸምግሎ በአልጋው ላይ ነው የሞተ። እስከዚያው በየድግሱ ወጡ ጨው ባነሰው ቁጥር ዞር ብሎ እኔን ያየኝ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ስንቀጠቀጥ ልጆቼ ደንግጠው ጋቢ ይዘው ይሮጣሉ። ጋቢውን ተቀብዬ፣ አትደንግጡ እላቸዋለሁ፤ የሚያስደነግጠው ሲቆም ነው።