የሚጠይቅ መኪና

በውኃ ቢሮው «እትዬ መትረየስ» ነበር የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት የጽሕፈት መኪና ስትመታ ድምፁ በር ጥበቃው ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ቤት ደግሞ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ባል ተኝቷል። የሁለቱም ጉሮሮ በእሷ ጣት ላይ ነው።

ዓይኗ መድከሙን ለማንም አልተናገረችም። ጣቶቿ ቁልፎቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ሲስቱም ወዲያው ይታወቃታል።

አንድ ጠዋት ጥበቃው የልብስ ስፌት መኪና የሚያክል ሣጥን እያለከለከ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘፍ አደረገው።

«ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ነው» አሉ ኃላፊው። «ቅርንጫፍ ስንሄድ ይዘነው እንሄዳለን።»

«የሚንቀሳቀሰውስ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ጥበቃው ወገቡን ይዞ።

ክዳኑ ሲከፈት መዳፍ የምታክል መስኮት አረንጓዴ ፊደል አሳየች። እትዬ ፊደሉን ከጉንዳን መለየት አልቻለችም።

«እትዬ፣ ላንብብልሽ?» አለቻት ከፊቷ የምትቀመጠው ወጣት ጸሐፊ።

«ለራስሽ አንብቢ! እኔ ሥራ ስጀምር አንቺ ጡት አልጣልሽም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን ዓይኗ ሥር እያስጠጋች የስድስት መቶ ሠራተኛ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተሩ ዲስክ አስገባች፤ ስም፣ የቅጥር ዘመን፣ የሥራ መደብ። ለማስቀመጥ የሚጫኑትን ቁልፎች በተራቸው ሸምድዳለች። በመጨረሻው ቀን ግን፣ ጣቷ አንዱን ስቶ ይሁን ምን፣ መኪናው አንድ መስመር አወጣና ቆመ። መልስ እንደሚጠብቅ ያስታውቃል፤ ጥያቄ ነው። የጽሕፈት መኪና በዕድሜው ጠይቋት አያውቅም። ልጅቷን ልትጣራ አፏን ስትከፍት ኃላፊው በሩ ላይ ቆመዋል። አፏን ዘጋችና እሺ የሚለውን ቁልፍ ተጫነች።

በማግስቱ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

«ምን ብሎ ነበር የጠየቀሽ?» አሏት ኃላፊው።

«ላስቀምጠው ወይ... ነው ያለኝ።»

ኃላፊው ያንኑ መስመር መልሰው አወጡ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ላስቀምጠው ወይ» አለች እትዬ ደግማ።

«ሁሉንም ልሰርዘው ወይ ነው የሚለው።» አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አራት ዓመት ሆነኝ።»

ማክሰኞ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት። ይኸው ሁለተኛ ወሯ ነው። በየጠዋቱ ባሏን አጥባ፣ አልብሳ፣ የሥራ ጫማዋን አድርጋ ትወጣለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» ይላታል ስትገባ።

«እንደ ወትሮው ነው» ትለዋለች።