ማርሽ የተማረው እጄ

መኪና ስነዳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው። ወንድ ሹፌር አጠገብ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ያያል፣ ያዛጋል፣ ይተኛል። እኔ አጠገብ የተቀመጠ ግን ከአሶሳ እስክንወጣ ድረስ ዓይኑን ከእጄ አይነቅልም። መሪውን እንዴት ያዘችው? ማርሹን እንዴት ቀየረችው? ያ ቀኝ እጇስ እዚያ ምን ይሠራል? ድሮ ያሸማቅቀኝ ነበር። አሁን ይዩ። እጆቼ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ልማድ እንዳላቸው አልክድም። ግራ እጄ መሪው አናት ላይ ይወጣል፣ ቀኝ እጄ ማርሹ ላይ ይቀመጣል፤ በቅርቡ እስካስጣልኩት ድረስ ቀይሬ ከጨረስኩም በኋላ ከዚያ ንቅንቅ አይልም ነበር። በዚያ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር ይነሳል። ይህን የምጽፈው አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቋሚ ሥራ በእነዚህ ሁለት እጆች ላይ ስለቆመ ነው።

ልማዱን ያገኘሁት ከመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አይደለም። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው፣ አሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ከአምባችን ማዶ አንድ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው፤ ማንጎ ጭነው ወደ አሶሳ ይወጣሉ፣ ጨውና ሳሙና ጭነው ይመለሳሉ። ቀኝ እጃቸው ከዛፍ ወድቀው ተሰብሮ በደንብ ሳይገጥም ቀርቷል። ወደ ላይ አይነሳም፣ ማርሽም አይገፋም። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናዋን ሸጦ ይገላገል ነበር። እሳቸው ግን ማርሽ የሚገፋ ሰው ፈለጉ።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። የቤታችንን ማንጎ ልሸጥ አብሬያቸው ስለምሄድ አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። መሪውና ፍሪሲዮኑ የእሳቸው፣ ማርሹ የእኔ ሆነ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ በአገጫቸው ምልክት ይሰጡኛል፣ እኔ በግራ እጄ አስገባለሁ። ማርሽ መጀመሪያ የተማረው እንግዲህ ግራ እጄ ነው። ሁለት ሰው ሆነን አንድ መኪና እንነዳ ነበር ስል ከተማ ውስጥ የሚያምነኝ የለም። የዚያ መንገድ ሰው ግን ሁሉም ያውቀናል።

መኪናዋ አመል ነበራት። ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ ማርሽ በራሱ ጊዜ ይወጣል። አንድ ቀን ማርሹን አስገብቼ እጄን አንስቼ ማንጎ ስልጥ፣ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ወጣና መኪናዋ ተፈትታ ነጎደች። ፍሬኗም እንደነገሩ ነበር። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው እየታገሉ ወደ አፈሩ ጥግ አስጠግተው አቆሟት። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ላባቸውን ጠረጉና ቀስ ብለው፣ “አንተ ሦስተኛ ያዝ። አንተ ከለቀቀ እኛ ሁሉ ሞተ” አሉኝ። አማርኛቸው እንዲህ ነው፤ ለሴቱም ለወንዱም አንተ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያች መኪና ማርሽ ጨብጬ እንጂ ለቅቄ ሄጄ አላውቅም።

ሰላምታም የእኔ ሥራ ነበር። በዚያ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው እያዩ እጅ ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። የእሳቸው ግራ እጅ መሪ ላይ ነው፣ ቀኙ አይነሳም። ስለዚህ ቀኝ እጄን በመስኮት አውጥቼ ስለሁለታችንም ሰላም እላለሁ። ውኃ የተሸከመችውን፣ ቀርከሃ የሚጎትተውን፣ ከመስጊድ የሚወጣውን፣ አንዱንም አልዘልም። ብዘል እሳቸው አይዘሉኝም፤ ያ ሰው ምን አደረገህ ብለው ይጠይቁኛል።

ለቅሶ ጋ ስንደርስ ግን ሰላምታ አይበቃም። ሰው ሲሞት ሐዘንተኞች መንገድ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ሰሌን ዘርግተው ይቀመጣሉ። የሚያልፍ መኪና ይቆማል። ሹፌሩ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ሐዘንተኞቹም ይዘረጋሉ፤ ፋቲሃ የተባለው የቁርዓን ጸሎት ይደረሳል፤ ሁሉም ፊቱን በመዳፉ ያብስና መኪናው መንገዱን ይቀጥላል። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ፋቲሃ አልችልም። የመጀመሪያው ቀን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ያንን የማይነሳ እጃቸውን እስከቻለው ድረስ ወደ ላይ እየገፉ ዞር ብለው አዩኝ። “እጅ ባዶ አድርግ፣ አሳይ” አሉኝ። መዳፌን ዘረጋሁ፤ በልቤ አባታችን ሆይ አልኩ። ማንም ምን እያልሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

በኋላ እርጅናው ሲጫናቸው እኔ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ቦታ ተለዋወጥን፤ የማርሹ ልማድም ወደ ቀኝ እጄ ተሻገረ። ከዚያም ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ ነርሶችና መድኃኒት በሚያመላልስ አንድ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት ተቀጠርኩ። ኮንትራቱ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የአስተዳደር ሠራተኛዋ ከወትሮው ለየት ያለ ሰላምታ ከሰጠችኝ ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። አራት ዓመት እንዲህ ስሳቀቅ ኖሬ አንድ ቋሚ የሹፌር ቦታ ተከፈተ። እንደ እሱ የተመኘሁት ነገር አልነበረም።

ከቦታው ጋር አዲስ መመሪያም መጣ። የመኪናው መስታወት ላይ የሹፌሩን እጅ የምታይ ትንሽ ካሜራ ተለጠፈች። ግራ እጅ ከመሪው ግራ፣ ቀኝ እጅ ከመሪው ቀኝ፤ ማርሽ ተቀይሮ እጅ ወዲያው ወደ መሪ፤ ለሰላምታ እጅ ማንሳት ክልክል፤ ከታቀደው ቦታ ውጪ መቆም ክልክል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አንደኛው ማርሽ ላይ በማረፍ፣ ሁለተኛው በሰላምታ። በአንድ ጉዞ ስንት ጊዜ እጄን እንዳነሳሁ ቆጥረው ጽፈውልኛል። ቁጥሩን ሳየው ኮራሁ እንጂ አላፈርኩም።

ያም ሆኖ ችኮ አይደለሁም። ማርሹን በተመለከተ ትክክል ናቸው። የሽማግሌው መኪና እጅ ትፈልግ ነበር፤ የድርጅቱ መኪና ግን እጅ ሲጫነው ካምቢዮው ውስጥ ያለው ብረት ያለጊዜው ይበላል። ይህን የነገረኝ ጋራዥ ያለ መካኒክ ነው፣ አመንኩት። ልማዱን ለማስጣል የማርሹን ራስ በሸካራ ጆንያ ጠቀለልኩት፤ እጄ ባረፈ ቁጥር ይኮሰኩሰዋል። ሹፌሮቹ ሁሉ ሳቁብኝ። በስድስት ሳምንት ልማዱ ተወኝ። እጄን ማስተማር እችላለሁ ማለቴ ነው፤ የሚያስተምረኝ እውነት ከሆነ።

ሰላምታውን ግን አልተውም። በክፉው ጊዜ፣ መንገዱ ሰው ይበላል በተባለበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ሁለት ነርሶች ጭኜ ስሄድ በየቀኑ እጅ የምንነሳሳ አንድ ገበሬ ከእርሻው ወጥቶ መሐል መንገድ ቆመ። ዛሬ አትለፊ አለኝ። ለምን አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ መኪናዋን አዙሬ ተመለስኩ። የዚያን ቀን ከፊት ታጣቂዎች አድፍጠው እንደነበር የሰማነው ከሰዓት በኋላ ነው። እዚያ ገበሬ ልብ ውስጥ ያስገባኝ የትኛው መመሪያ ነው? ይህን ለጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም።

ለቋሚው ቦታ ሊፈትነኝ ከአዲስ አበባ አንድ ገምጋሚ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። እህቴ እያለ ነው የሚያነጋግረኝ፣ ውኃውን አካፈለኝ። ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አጠገቤ ተቀመጠና ወደ ሸርቆሌ ተነሳን። ሁለት እጄን መሪው ላይ ተከልኩ። ሰላም የሚሉኝን ጭንቅላቴን ብቻ እየነቀነቅኩ አለፍኩ። አንዲት ሴት እጇን አንስታ፣ እኔ ሳላነሳ ስቀር እጇን አየር ላይ እንደያዘች በስፖኪዮ አየኋት። ሆድ ባሰኝ። ለአንድ ቀን ነው፣ ነገ እክሳታለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ገምጋሚው ማርሽ አቀያየሬን ወደደው፤ ቁልቁለት ላይ አያያዜን ሲያይ በቅጹ ላይ ደጋግሞ ምልክት አደረገ። ሥራው በእጄ የገባ መሰለኝ።

ከሆሞሻ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ማንጎ ሥር ሰሌን ተዘርግቷል። አዛውንቶች ተቀምጠዋል፣ ወጣቶቹ ዳር ቆመዋል። ፍጥነቴን ስቀንስ ገምጋሚው ቀና አለና ምን ሆነ አለኝ። ለቅሶ ነው አልኩት። በልብሽ እዘኚ፣ ቀስ ብለሽ እለፊ አለኝ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ነዳጅ ብረግጥ አልፌ ነበር፤ ሐዘንተኞቹ ከእኔ ጋር የተጣሉ ይመስላቸዋል፣ እኔ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር። ውሸት አልናገርም፣ ልረግጠው ነበር።

አልረገጥኩትም። ፍሬቻ አሳይቼ ጥግ ያዝኩ፣ ዜሮ ማርሽ አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ መዳፎቼን ዘረጋሁ። ከሰሌኑ ላይ ያሉት እጆች ሁሉ ተዘረጉ። ገምጋሚው እስክሪብቶውን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ። ፊቴን አበስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ተነሳን። ሸርቆሌ ደርሰን ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ አሶሳ ቢሮ ጠራኝ። የቅጥር ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ስሜ ተጽፎበታል። አነዳድሽ እዚህ ከፈተንኳቸው ሁሉ ይበልጣል አለኝ። ከውሉ ጋር ግን አንድ ሌላ ወረቀት አስጠጋ። ለሰላምታም ሆነ ለማናቸውም የአካባቢ ሥርዓት እጄን ከመሪ ላይ ላላነሳ፣ መኪና ላላቆም ቃል እገባለሁ ይላል። ዛሬ ያየሁትን አልጽፍም፣ አንቺም ይህችን ፈርሚና ሁለታችንም እንረፍ አለኝ። ደግነት ነበር፤ አሁንም ደግነት ነው እላለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጠየቅኩት፣ “ለቅሶው የእርስዎ ቢሆንስ?”

“አባቴ የሞተ ቀን መስክ ላይ ነበርኩ” አለኝ። “መኪናው አልቆመም። የቀረውን ጉዞ ጨርሰን ነው የነገሩኝ። እህቴ፣ ሥራ እንዲህ ነው።”

አሳዘነኝ። ከልቤ አሳዘነኝ። እንዲህ የተደረገበት ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ እንዴት ይዞራል ብዬም ተናደድኩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር አልኩት። እስክሪብቶውን ወደ እሱ መለስኩለት፣ የመኪናውን ቁልፍ ውሉ ላይ አስቀመጥኩ። እንዳስብበት እስከ ነገ ጊዜ ሰጠኝ። ነገም ያው እኔ ነኝ አልኩት።

ውጪ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ቁልፉ በሌለበት ኪስ ውስጥ ሁለት ጊዜ እጄን ከትቼ ፈለግኩት። ባጃጅ አስቁሜ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሲቆጨኝ ይኖራል፤ እናቴ ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ከሦስት ወር ኮንትራትም ተባረርኩ ማለት ነው። ባጃጁ ሲነሳ ቀኝ እጄ የሚይዘው አጥቶ ጉልበቴ ላይ ማርሽ ይፈልግ ጀመር። በግራዬ ልይዘው ፈለግኩና ተውኩት። ይፈልግ። አልፈረመም።