አምስተኛው አባት ላይ የተቋረጠው ቆጠራ

በዚያ ዓመት እስራኤል አገር፣ ቤር ሸባ ከተማ ውስጥ የተቋረጠ ነገር እንደ እኔ የሚያበሳጨው ሰው የነበረ አይመስለኝም። የተቋረጠን ማስቀጠል እንጀራዬ ነበር። የምሠራበት ትንሽ ድርጅት ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ለሚያዩ ነርሶች ፕሮግራም ያዘጋጃል። ነርሷ በእጇ በምትይዘው ትንሽ ኮምፒውተር የበሽተኛውን ሁኔታ ትሞላለች፤ መሣሪያው ደግሞ ያለ ሽቦ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። ይነጋገራል ስል ደስ ሲለው ነው። ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ሊፍት ውስጥ ስትገባ መስመሩ ይበጠሳል፣ የሞላችው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል፣ እሷም የይለፍ ቃሏን እንደገና ጽፋ ከበሽተኛው ስም ትጀምራለች። ነርሶቹ ይሰድቡን ነበር። እውነታቸውን ነው።

የእኔ ሥራ ያ የተቋረጠው ነገር ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ነበር። ብዙ አሰቃይቶኛል። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ግን ቀላል ነው፤ መስመር ሲበጠስ ማን እንደዘጋ ማንም አያውቅም። መሣሪያው ቢሮው ጥሎት የሄደ ይመስለዋል፣ ቢሮውም መሣሪያው ጥሎት የሄደ ይመስለዋል። ስለዚህ ተመልሰው ሲገናኙ “ማን ዘጋ?” ተብሎ አይጠየቅም፤ “መጨረሻ የደረሰህ ምንድን ነው?” ነው የሚባለው። ሁለቱም ዘንድ ካለው የመጨረሻ ነገር ይጀመራል፣ መሀል ላይ የጠፋው እንደገና ይላካል። መሣሪያውን ይዤ የመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት ወዳለው የቦምብ መጠለያ ወረድኩ። መስመሩ ሞተ። ስወጣ ገጹ የሞላሁትን ሁሉ እንደያዘ ተመልሶ መጣ። ደረጃው ላይ ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሰርግ የደረሰልኝ መስሏት “ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለሽ” አለችኝ።

ብዙም አልተሳሳተችም፤ ላገባ ነበር። የምወደው ልጅ ቤተሰቦቹ ሰሜን ያለችው አፉላ ከተማ ናቸው። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ዘንድ ግን ሁለት ሰው ስለተዋደደ ብቻ ሰርግ የለም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ ስም ከተገናኘ ዘመድ ናችሁ ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ከእኛ ወገን የሚቆጥሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ከእነሱ ወገን የልጁ አያት። ሁለቱም ጉዞ ስለሚከብዳቸው በስልክ ይቆጠር ተባለ።

አንድ ዓርብ ከእናቴ ጋር አጎቴ ቤት፣ ዩድ አሌፍ የሚባለው ሰፈር ሄድን። አጎቴ ልጆቻቸው የገዙላቸውን ፔሌፎን፣ የእጅ ስልክ፣ ይዘው ማማድ ገቡ፤ ለጦርነት ቀን ተብላ የተሠራች፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ በሯ ብረት የሆነች ክፍል ናት።

“አባቶች ቴሌቪዥን እየጮኸ አይጠሩም” አሉ።

በሩን ገርበብ አድርገው አልጋው ላይ ተቀመጡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከረጅም ሰላምታ በኋላ አጎቴ አንድ አባት ይጠራሉ፣ አያትየው ከወዲያ አንድ ይመልሳሉ። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛውም አለፈ። ይሄን ጊዜ የአጎቴ የልጅ ልጆች ሳሎን ውስጥ ተንጫጩ፤ አጎቴ ተነሥተው ያንን የብረት በር ጥርቅም አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማሁም።

ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

“ዘጋብኝ” አሉ።

“ምን ብለው?” አለች እናቴ።

“ምንም ሳይል። አምስተኛውን አባቴን ብጠራለት ዘጋብኝ።”

አፍታም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ጮኸ። ልጁ ነው፤ ድምፁ ተሰብሯል። በዕብራይስጥ፣ “አያቴ ነገሩ አብቅቷል ይላል” አለኝ። “አራተኛ አባቱን ሲጠራ አጎትሽ ዝም አሉና ዘጉት። ወይ ዘመድ ሆነን አፍረው ነው፣ ወይ ስማችንን ንቀው ነው ይላል።”

ደሜ ፈላ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ እያንዳንዳቸው በአባታቸው ስም የተሰደቡ መስሏቸው፣ ትዳሬን ሊያፈርሱ ነው።

“አባባ፣ በሩን መቼ ነው የዘጉት?” አልኳቸው አጎቴን።

“እኔ ስለ ስድብ አወራለሁ፣ አንቺ ስለ በር ትጠይቂኛለሽ?”

“ከአራተኛው በኋላ፣ ከአምስተኛው በፊት ነው። እዚህ ቆሜ አይቻለሁ።” ፔሌፎኑን ከእጃቸው ወሰድኩ።

ገና ያልታጨች ልጅ ለወንዱ ወገን ሽማግሌ ራሷ ስትደውል ተሰምቶ አይታወቅም። እናቴ “አንቺ ልጅ፣ ተይ” ብላ ጣቷን ነከሰች። እኔ ግን ደውዬ ጨርሻለሁ።

“አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሚቆጠርልኝ እኔ ነኝ።”

“ልጅቷ ራሷ?”

“እኔው ራሴ። ማን ዘጋ ብዬ አልጠይቅዎትም። ከእኛ አባቶች መጨረሻ የሰሙት ማንን ነው?”

አራተኛውን ጠሩልኝ።

“አምስተኛውስ?”

“የት አለና አምስተኛ? የእኔን አራተኛ ብዬለት ስጠብቅ ዝም አለኝ።”

“ዝም አላሉም። አምስተኛውን ለግድግዳው ነው የነገሩት። እዚያ ክፍል በሩ ከተዘጋ ክሊጣ የለም፣ ስልኩ አይይዝም። ማንም አልዘጋም፣ አባባ።”

አጎቴን እጃቸውን ይዤ ወደ ሚርፔሴቱ አወጣኋቸው፤ ሰገነቱ ላይ ስልኩ አሳምሮ ይይዛል። እሳቸውም ስልኩን ተቀብለው “እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ” ብለው ከሀ ጀመሩ። አፉላ ውስጥ ምን ከብት እንዳለ እንጃ።

“ሰላምታው ደርሷል፣ አባባ። ከአራተኛው ይቀጥሉ።”

“አምስተኛውን ብያለሁ። ሁለቴ አልጠራም።”

“አልደረሳቸውም። ያልደረሰ እንዳልተባለ ነው።”

በስልኩ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አምስተኛውን አባታቸውን ጠሩ፣ ከወዲያም መልስ መጣ። ስድስተኛው ላይ ታች አውቶቡስ ሲያጓራ እግራቸው በልማድ ወደ ማማዱ አመራ። እጄን ዘርግቼ በሩ ላይ ተገተርኩ፤ ገልምጠውኝ ተመለሱ። ሰባተኛው ተጠራ። በእናትም በኩል ተቆጠረ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። መስመሩ አልተቋረጠም፣ እያሰቡ ነው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

“አይገናኝም” አሉ አጎቴ።

“አይገናኝም” አለ ስልኩ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ሰገነቱ ላይ ቁጭ አልኩ። በሥራ ብዙ የተቋረጠ ነገር ቀጥያለሁ፤ ለራሴ ስቀጥል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

አጎቴ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። “ያቺን ልጅ ስጠኝ ይላል።”

ስለ ድፍረቴ ልወቀስ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

“ልጄ” አሉኝ አያትየው። “እኛ ቤት ሰው ከተኳረፈ ዓመታት ይቆያል። ምን ሰማህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለንም። ቶሎ ነይልን።”