በአያ ካሴ ጉንጭ ውስጥ ያስቀመጥነው ስብ

ከዋርድ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል በተዛወርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ዶክተር ሰናይት ከአንድ የዛሪማ ገበሬ ሆድ ስብ በመርፌ ስባ ጉንጫቸው ውስጥ ስትወጋው አየሁ። ብዙ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

አያ ካሴ ይባላሉ። በቅሎ ፊታቸውን ረግጣቸው ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ከጉንጫቸው አጥንት ጋር ተጣበቀ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ስለጎተተው ቀኝ ዓይናቸው ተኝተውም አይከደንም፤ አቧራ እየጎዳው ነበር። ዶክተር ጠባሳውን ከአጥንቱ አላቅቃ ከሥሩ ስብ ሞላችበት። ዓይናቸው ተከደነ።

በአራተኛው ወር ሲመለሱ ደነገጥኩ። ጉንጫቸው እንደ ድሮው ጎድጉዷል፤ ዓይናቸውም አይገጥምም።

«ምነው ልጄ፣ ያ የሰጣችሁኝ ሥጋ የት ሄደ?» አሉኝ።

ዶክተር ናት ያስረዳችኝ። የተዛወረ ስብ የደም ሥር ስለሌለው ይራባል፤ ብዙው ይሞትና ሰውነት መጥጦ ይጨርሰዋል። «አሁን ከራሳቸው ደም ፋይብሪን እናወጣለን» አለች። ፋይብሪን ደም ሲረጋ የሚሠራው መረብ ነው። ደሙ በማሽን ሲሽከረከር ፋይብሪኑ እንደ እርጎ ሆኖ ይለያል፤ ከስቡ ጋር ሲቀላቀል ስቡን ደግፎ ይይዘዋል፣ የደም ሥርም ቶሎ እንዲደርስለት ይረዳል።

አያ ካሴ ግን ከሲታ ናቸው። ሆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጋ አየችና «የቀራቸው ስብ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው» አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን ደም የቀዳሁት እኔ ነኝ። ማደንዘዣው ለቦታው ብቻ ስለሆነ አያ ካሴ ነቅተዋል። ስቡ ወጥቶ በሲሪንጅ ይጠብቃል። ማሽኑ ሲቆም ብልቃጦቹን አወጣሁ። ከላይ ቢጫ ውሃ፣ ከታች ቀይ ደም፤ መሃል ላይ መኖር ያለበት እርጎ የለም። ክዳኑን አየሁት፤ ሐምራዊ ነው። ደም እንዳይረጋ መድኃኒት የተጨመረበት ብልቃጥ።

«ዶክተር፣ ተሳስቻለሁ። በሐምራዊው ነው የቀዳሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። አያ ካሴ ከጨርቁ ሥር ክንዳቸውን አወጡ።

«ደሙ እንደሁ እዚሁ አለ። ቅጂ ልጄ።»

«በቀዩ ቅጂ፣ ሲስተር» አለች ዶክተር። «ክዳኑን ለእኔም አሳይኝ።»

ቀይ ክዳን ያለው መድኃኒት የለበትም። አሳይቼ ቀዳሁ። አዲሶቹን ብልቃጦች ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። በዚህኛው ጊዜ እርጎው ከደሙ በላይ ረግቶ ወጣ። ዶክተር ቆራርጣ ከስቡ ጋር ቀላቀለችና በጥቂት በጥቂቱ ወጋችው።

ከዚያ በስድስተኛው ወር መጡ። ጉንጫቸው ከግራው ትንሽ ያንሳል። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ጠየቅኳቸው። ጎንበስ ብዬ ክፍተት ፈለግኩ፤ አጣሁ። ጉንጩን ስነካው ለስላሳ ነው። ከዚያ ስህተት በኋላ ይይዛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

«ሸጋ ነው?» አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«ሸጋ ነው፣ አያ።»

አዲስ ለሚመደቡ ነርሶች የምነግራቸው ይህን ነው። ደም ከመቅዳታችሁ በፊት ክዳኑን እዩ። ከተሳሳታችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ ከሰውነት የወጣ ስብ ብዙ አይቆይም።