መብራት ሲመጣ ያዘንኩት እኔ ብቻ ነኝ

ዛሬ አመሻሽ ላይ ቡታጅራ መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች "መጣ! መጣ!" ብለው ጨፈሩ። እኔ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልቂጤ ካለው ጓደኛዬ ከተካ ጋር በአማተር ሬዲዮ ለመገናኘት እንሞክራለን። በመሃላችን የጉራጌ ተራራ አለ፤ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ተራራ አይበግረውም ይባላል።

ተካ ከሥራ ሲወጣ ስሙን በሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም የድምፅ ምልክት፣ ይልካል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ከክረምት ጀምሮ የሰማሁት የመብራት መስመሩ ሬዲዮው ላይ የሚፈጥረውን ጩኸት ብቻ ነው።

የአንቴናዬ ሽቦ ከጣሪያዬ ተነስቶ፣ በእንሰቱ ላይ አልፎ፣ በጎረቤቴ በሐጂ ከድር ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል። ሐጂ የቴሌቪዥን ሽቦ ይመስላቸዋል፤ ባገኙኝ ቁጥር "ኳሱን ያዘልህ?" ይሉኛል። "ገና ነው ሐጂ" ማለት ሰለቸኝ።

ዛሬ መብራት ጠፋ፣ ጩኸቱም አብሮት ጠፋ። ሬዲዮዬ በባትሪ ስለሚሠራ ማዳመጫዬን አጠለቅሁ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቲት ቲት የሚል ቀጭን ድምፅ ከወልቂጤ መጣ። ተካ ነው!

ሚስቴን ልጠራ አፌን ስከፍት መብራት መጣ። ጩኸቱም ተመለሰ።

ወዲያው ተካ ደወለ። "ሰማኸኝ?"

"ግማሽህን።"

ሚስቴ ከበሩ ላይ ሆና "ስልክ እያላችሁ ሽቦው ለምንድነው?" አለች። ማዳመጫዬን መልሼ አጠለቅሁ።

እናንተስ፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር ለብቻችሁ ያዘናችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ። መብራት እንዲጠፋ እየተመኘሁ መሆኑን ግን ለጎረቤቶቼ እንዳትነግሩብኝ።